ዱቄት ያልተቀባው ፖርቱጋላዊ

ሰሞኑን የልጅ ልጆቼ የውጭ ፊልም ከፍተው ተጣሉ። አንድ ጥቁር ተዋናይ የእንግሊዝ መስፍን ሆኖ ይጫወታል። ወንዱ «ታሪክ አበላሹ!» ይላል፤ ሴቷ «ትወና አይደል እንዴ?» ትላለች። እኔን የጠየቀኝ የለም። በዚህ ነገር ከእኔ የተሻለ ምስክር ግን ነቀምቴ ውስጥ አይገኝም፤ በጃንሆይ ዘመን ፖርቱጋላዊ የነበርኩ ሰው ነኝ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ልጆች ነበርን ማለቴ አይደለም፤ ያኔ ትምህርት የሚጀመረው ዘግይቶ ስለነበር እኔ ጢሜን መላጨት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ቢላ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነቀምቴ ለትምህርት የመጣሁ አጭር፣ ድብልብል፣ መልኬም ከከሰል ጋር የሚፎካከር። ለዘውድ በዓል ትምህርት ቤታችን ቴአትር ሊያሳይ ሆነ። ድርሰቱ የአማርኛ አስተማሪያችን ነው፤ በጥንት ዘመን ንጉሡን ለመርዳት ከባሕር ማዶ ስለመጡት ፖርቱጋሎች። ካፒቴናቸው ተማርኮ አንገቱ ከመቆረጡ በፊት የሚያደርገውን ንግግር ስሰማ ልቤ ቆመ። በሁለት ቀን በቃሌ ያዝኩት።

አስተማሪያችን ግን ካፒቴኑን ለአንድ የሸዋ ነጋዴ ልጅ ሰጡት። ልጁ ቀይ ነው፣ ቁመናም አለው፤ ችግሩ ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል።

«ጋሼ፣ እኔስ?»

«አንተ በቅሎ ጠባቂ ትሆናለህ። ታሪክ ነው እኮ ይሄ! ፖርቱጋል ነጭ ነው።»

«እሱስ ነጭ ነው እንዴ? ቀይ ነው እንጂ።»

«ይቀርባላ!»

«እሺ፣ እቴጌይቱስ በታሪክ ጢም ነበራቸው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሴት ተማሪዎቻችን መድረክ ስለማይወጡ እቴጌ የተደረገው ከእኔ የበለጠ ጢም ያለው ጓደኛችን ነበር። አስተማሪው አልሳቁም፤ ግን ሲያስቡበት አደሩ መሰለኝ፣ በማግስቱ ዱቄት ይዘው መጡ። ፊቴን ቅቤ ቀብተው ዱቄቱን ነሰነሱብኝ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፣ ቀኑም ፀሐይ። ልምምዱ ሳይጋመስ ዱቄቱ ሊጥ ሆኖ ከአገጬ ተንጠለጠለ። ፖርቱጋል እሆናለሁ ብዬ ከወፍጮ ቤት ያመለጠ አይጥ ሆንኩ። ወጥቼ ቧንቧ ላይ ታጠብኩና ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ ካፒቴኑን በዚሁ ፊቴ ነው የምጫወተው። ሌላ ፊት የለኝም።»

አስተማሪው ዱቄቱን ከእጃቸው አራገፉ። «እሺ። የነጋዴው ልጅም ለብሶ ከመጋረጃው ኋላ ይቆማል። ሕዝቡ ከሳቀብህ ትወርዳለህ፣ እሱ ይገባል።»

ተስማማሁ።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ባርኔጣ አድርጌ፣ ከእግሬ የሚሰፋ ቡትስ እየጎተትኩ ወጣሁ። «ከሩቅ አገር፣ ከባሕር ማዶ መጣን!» አልኩ። ወዲያው ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ቀና አሉና፣

«አካም ጅርታ?» አሉኝ።

የእውነት ሰላምታ ነው። መንገዱ እንዴት ነበር፣ ቤተሰብህ እንዴት ነው፣ ከብቱስ፣ እያሉ በኦሮምኛ ቀጠሉ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሰላም ሲል ዝም አይባልም። በትምህርት ቤቱ ግቢ ደግሞ ያኔ ኦሮምኛ መናገር ያስቀጣ ነበር። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በኦሮምኛ ሁሉም ደኅና ነው፣ ከብቱም ባሕር ማዶ ደኅና ነው አልኳቸው።

አዳራሹ በሳቅ ተንጫጫ። ከመጋረጃው ጎን የአስተማሪው እጅ «ውረድ! ውረድ!» ይለኛል። የሸዋው ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ጀርባዬን ለአስተማሪው እጅ ሰጠሁ። አልወርድም! ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ፤ እኔ ስቀጥል ሳቁ እየሳሳ ሄደ፣ ጠፋ።

መጨረሻው ላይ እጄ ታስሮ ተንበረከኩ፣ ንግግሬን ተናገርኩ። ገዳዩ የእንጨት ሰይፉን ሲያነሣ ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ተው! ኬሱማ፣ እንግዳ ነው እኮ! ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ይገደላል?»

ማንም አልሳቀም። ከኋላ ሴቶቹም «ተው! ተው!» አሉ። ገዳዬ ሰይፉን አየር ላይ እንደያዘ ፈዞ ቀረ።

«ቁረጠኝ እንጂ!» አልኩት በሹክሹክታ።

«ሽማግሌው ተቆጡ እኮ…»

«ቁረጥ አንተ!»

በግድ ሞትኩ።

መጋረጃው ሲዘጋ አስተማሪው መጡ። «ፖርቱጋል ኦሮምኛ አይችልም» አሉኝ። «ቅዳሜ ደግሞ አኖ ከተማ ስንጫወት ያቺ ሰላምታ ትቅር።»

«አኖም ሽማግሌ አለ፣ ጋሼ። ሰላም ካሉኝ እመልሳለሁ።»

ባርኔጣዬን አንሥተው አቀበሉኝ።

ቅዳሜ አኖ ሄድን። ካፒቴኑ እኔ ነበርኩ፤ ሰላም ላለኝ ሁሉ መለስኩ።