የፊት በር ለአልሲድ

ትሬሜ ሰፈር ውስጥ ሚስ ኤርሊን ፕላንሽ ጸጉር ያልሠራችለት ሰው የለም፤ በቁሙም ሞቶም። ወንድ ተብላ ብትወለድም ሴትነቷን የምታውቀው እሷ ነበረችና ገና በጉርምስና ቀሚሷን ለበሰች፤ የሳቀባትንም በምላሷ ልኩን አሳየችው። ያ ክፉ በሽታ ወንድ የሚወዱትን የሰፈራችንን ወንዶች ሲጨርስ፣ የወለደች እናት እንኳ መንካት ስትፈራ፣ አጥባ አበጥራ የሸኘቻቸው እሷ ናት። ከቤት የተባረሩትን ጸጉር ቤቷ አስተኛች። አከራይ እንደ እነሱ ያለውን እንዳያባርር ሕግ እስኪወጣም ማዘጋጃ ቤቱን እንቅልፍ ነሳችው።

ዘንድሮ ለእኩልነት የደከሙ መሪዎች ሲሸለሙ ስሟ ተጠራ። እሰየው! ግን ሸላሚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀብር አስፈጻሚው ሚስተር ሮዝመንድ!

ይሄ ሰውዬ ነው እንግዲህ፣ ስንት ሬሳ ካስዋበችለት በኋላ፣ ወዳጇ አልሲድ በዚያ በሽታ ሲሞት «ደንበኛ ይሸሽብናል» ብሎ በላስቲክ ጠቅልሎ በጓሮ በር ያስወጣው። እኛ ጋ ሬሳ በፊት በር ነው የሚወጣው። ማርሽ ባንዱ ይነፋለታል፤ ቀብር አስፈጻሚው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ከፊት ከፊት ይሄዳል። አልሲድ ስንቱን በጥሩምባው ሸኝቶ፣ ለራሱ አንድ ጥሩምባ ሳይነፋለት ሄደ። ግፍ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

«እማዬ፣ ዋጥ አድርገሽ ተቀበይ። ያለፈው አለፈ» አለቻት ትሪኒ፣ ከጎዳና አንስታ ያሳደገቻት ልጅ።

«ለማን ነው ያለፈው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም!»

በሽልማቱ ዕለት ሮዝመንድ ዋንጫውን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። «ቤታችን ከጥንትም ከጎናችሁ ነበር» አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ሚስ ኤርሊን ዋንጫውን አልነካችም። «አልሲድን በየት በር ነው ያስወጣኸው?»



«ሚስ ኤርሊን፣ ያኔ እኮ ኃላፊው አባቴ ነበሩ...»

«አባትህን ተዋቸው! የጓሮውን በር የያዝከው አንተ ነህ። እኔ በእግሩ በኩል ተሸክሜው ነበር፤ ዓይንህን አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?»

«እሁድ የፊት በርህን ክፈት። አልሲድ ይወጣል።»

ይከፍታል፣ አይከፍትም፣ ሰፈሩ ሲከራከር ሰነበተ። እሁድ ማርሽ ባንዱ ሮዝመንድ ደጅ ላይ ተሰለፈ። ሚስ ኤርሊን የአልሲድን ፎቶ ታቅፋ በዚያው በጓሮ በር ገባች፤ ቤቱን አቋርጣም የፊት በሩ ጋ ደረሰች። በሩ ተቆልፏል። ሮዝመንድ ቁልፉን ይዞ ላብ ያጠምቀዋል፤ በመስኮት የሚያያቸው የተከበሩ ደንበኞቹ ሁሉ ውጭ ቆመዋል።

«ምን ትጠብቃለህ? ዛሬም ደንበኛ ይሸሽብህ ይሆን?» አለችው።

ከፈተ። ጥሩምባው ሲያስተጋባ ትሪኒ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሮዝመንድ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ከፊት ፈጠን ፈጠን አለ።

«ቀስ በል!» ብላ ሚስ ኤርሊን ጮኸችበት። «ያኔም አጣድፈኸዋል!»

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ወደ እሷ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁንስ ይቅር አሉኝ?» አላት።

«የሞትኩት እኔ ነኝ እንዴ?» ብላ ፎቶውን ፊቱ ላይ ደቀነችበት። «እሱን ጠይቀው።»