ሞተሪኖውን የሚይዘው ሰው

ጓደኛዬ ሊያገባ መሆኑን የነገረኝ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነው። ሰርጉ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ እንደሆነ፣ ሙሽሪት የእንፍራንዝ ልጅ እንደሆነች፣ ድንኳኑም በአባቷ ግቢ እንደሚተከል ዘርዝሮ ነገረኝ። አንደኛ ሚዜው ማን እንደሆነ ግን አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅሁም። ቁስቋም ሥር አጥር ለአጥር ያደግን ሰዎች ነን፤ አንደኛ ሚዜ ደግሞ ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ እስከ ዕድሜ ልክ ወንድም ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ጠይቆ ማወቅ ያሳፍራል። ስለዚህ ዝም ብዬ ጠበቅሁ፤ በመጠበቅም ጾሙን አጋመስሁት።

እኔ ጎንደር አራዳ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ድሪል፣ የጁስ መፍጫና የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። እሱ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። ካደግን በኋላ እሑድ እሑድ የምታገናኘን አንዲት መጫወቻ መኪና ናት። መጫወቻ ስላልኋት አትናቋት። ክንድ የምታህል፣ በሬዲዮ የምትነዳ፣ በባትሪ ሳይሆን በእውነተኛ ሞተር የምትሄድ፣ የምትጨስና ሰፈሩን የምትረብሽ መኪና ናት። አባቶቹ እዚሁ አጠገባችን ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ አንድ ሰው ከእስራኤል አገሩን ሊያይ መጥቶ፣ ሲመለስ ለጓደኛዬ ትቶለት ሄደ። ነዳጇ ከማደያ የሚቀዳ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ በሰው በሰው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ስትነሳ ቶሎ መነሳት አለባት።

የምትነሳው ደግሞ በእጅ ሞተሪኖ ነው። ሞተሪኖው ሲያዩት ድሪል ነው የሚመስለው፤ በመብሻው ቦታ ስድስት ጎን ያለው ረጅም ዘንግ ተሰክቶበታል። ካንዴላዋን በትንሽ ባትሪ እያጋልህ ዘንጉን ከሞተሯ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ አስገብተህ ትጫናለህ፣ ሞተሯ ትዞራለች፣ ትነሳለች። ሲወራ ቀላል ነው። ዘንጉ ትንሽ ከተንጋደደ ግን ጎኖቹ ይሞለጫሉ። ድምፁ ከከበደ ነዳጅ አፍኗታል ማለት ነውና ጣትህን ወዲያው አንስተህ፣ ካንዴላዋን ፈትተህ፣ መኪናዋን ገልብጠህ ማስተፋት አለብህ። በግድ ትነሻለሽ ብለህ ከተጫንህ የሞተሪኖውን ጥርስ ትበላዋለህ። የጎንደር ጠዋት ብርድ ስላለው እኔ መጀመሪያ የሱፍ ኮፍያዬን አውልቄ ሞተሯን አለብሳትና ጥቂት አሞቃታለሁ። ይኸን ማንም አላስተማረኝም።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። እሱ መንጃ ሬዲዮውን ይይዛል፣ እኔ ሞተሪኖውን። ሞተሯ ስትነሳ ዘወር ብሎ ያየኝና አንድ ጊዜ ራሱን ይነቀንቃል። ሌላ ምስጋና የለም። ያችን ለማግኘት ነው ከቅዳሴ መልስ ነጭ ለብሼ እንኳ አቧራ ላይ የምንበረከከው። ሚስቱ የፈለገችው ትሁን፣ ሚዜው የፈለገው ይሁን፣ ያች ንቅነቃ የእኔ ናት እል ነበር።

ነገሩን ያደፈረሰው ሰው የመጣው በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት ነው። የዳባት ልጅ ነው፤ መሬት ቀያሽ ሆኖ ተቀጥሮ ወደ ከተማ ገባ፤ የጓደኛዬን ሱቅ ጓሮ ተከራየ። ቁመቱ ሎጋ፣ ጥርሱ ነጭ፣ ሰላምታው ረጅም። የሚጠላ ነገር ፈልጌ አጣሁበት፤ ይኸም ራሱ አናደደኝ። ጓደኛዬን «አንተ» ይለዋል፤ እኔን «አያ»። እኔና ጓደኛዬ ጥምቀት ስንጨፍር እኩል የተገረፍን እኩያሞች ነን። ራሴ ላይ ጥቂት ሽበት ብቅ ብሏል፤ ቢሆንስ?

አንድ እሑድ የደንበኛ ፓምፕ ይዞኝ አረፈድሁ። ከቁስቋም በታች ካለው ሜዳ ስደርስ ሞተሪኖው በቀያሹ እጅ ነው። ተንበርክኳል። ጓደኛዬ ከበላዩ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን በእጁ ላይ ጭኖ፣ «ቀጥ አድርገው... አትቸኩል፣ ድምጿን ስማት...» ይለዋል። ቃሉ የእኔ ነው። አንድ በአንድ እኔ ያልሁትን ነው የሚያቀብለው። በእኔ ኮፍያ ፋንታ የቀያሹ ሻርፕ ሞተሯ ላይ ተጠምጥሟል። ከዚያ ሞተሯ ተነሳች፤ ጓደኛዬም ቀና ብሎ ሰውየውን አየውና አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ።

ሰላም ብዬ ቆምሁ፣ ሳቅሁም መሰለኝ፣ ግን ያን ቀን መኪናዋ ስትዞር አላየኋትም። የማየው የሰውየውን እጅ ነበር። እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ውሃው ግን አልፈሰሰም፤ በሚቀጥለውም እሑድ እዚያው ነበር፣ በሚቀጥለውም። እኔ ቀድሜ ብደርስ እንኳ ጓደኛዬ «ቆይ፣ እሱ ይሞክራት» ይለኛል። ሚዜውን ያልነገረኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ አልሁ። ሲገባኝ ደግሞ ሌሊትም ቀንም አንድ ሆነብኝ፤ የሰው ጁስ መፍጫ ፈትቼ ብሎኑን የት እንዳስቀመጥሁ እረሳ ጀመር።

አንድ ሰኞ ጓደኛዬ ሞተሪኖውን በፌስታል ጠቅልሎ ሱቄ ድረስ አመጣው።

«ምን ሆነ?» አልሁት።

«ትናንት ከሄድህ በኋላ ጮኸና ቆመ።»

«ማን ይዞት?»

«እሱ ነዋ። ነዳጅ አፍኗት ኑሯል፣ አላወቀም።»

እውነቱን ልናገር፣ ላሜ ወለደች። ፊቴን ቋጥሬ ካቻቢቴውን አነሳሁና ፈታሁት፤ የውስጡ የፕላስቲክ ጥርስ ሙልጭ ብሎ ተበልቷል። እንደሱ ያለ ጥርስ ጎንደር አይገኝም። ይኸንኑ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ «ለሰርጉ ይደርሳል?» አለኝ።

«ለሰርጉ ምን ይሠራልሃል?»

«ታያለህ» ብሎ ሳቀና ወጣ።

በዚያ ሳቅ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ስፈላ ከረምሁ። ምሥጢር አላቸው ማለት ነው። እኔ ጠጋኝ፣ እነሱ ባለምሥጢር። ቢሆንም አላስቻለኝም፤ የተበላሸ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ካደረ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከአንድ ሙት የባትሪ ድሪል ሞተሩንና የብረት ጥርሱን አውጥቼ በሞተሪኖው ሆድ ውስጥ ገጠምሁ። ዘንጉን አሰርሁ፣ ሽቦውን በየድሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው እያልሁ ሠራሁ። መጨረሻ ላይ የባጃጅ ከመነዳሪ ቀድጄ እጀታውን በራሴ መዳፍ ልክ ጠመጠምሁት። የእኔ እጅ ብቻ እንዲመቸው ፈልጌ ነው።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው እሑድ ይዤው ሜዳው ላይ ተገኘሁ። ቀያሹ እጁን ሲዘረጋ እንዳላየ አልፌው ራሴ ተንበረከክሁ። ኮፍያዬን አልብሼ አሞቅኋት፣ ካንዴላዋን አጋልሁ፣ ዘንጉን ቀጥ አድርጌ አስገባሁና ተጫንሁ። ሞተሪኖው ሸጋ ድምፅ አሰማ። መኪናዋ ግን ጭጭ። ደገምሁ። ጭጭ። ካንዴላ ቀየርሁ፣ ነዳጅ አየሁ፣ ላቤ ጠብ አለ። ሞተሪኖው እንደ ጉድ ይዞራል፤ መኪናዋ እንደተኛች ናት።

ቀያሹ አጠገቤ ቁጢጥ አለና ዘንጉን ትክ ብሎ አየው። «ምነው አያ፣ ወደ ኋላ የሚዞር አይመስልም?» አለ ቀስ ብሎ።

ወደ ኋላ ነበር የሚዞረው። ሞተሯ የምትይዘው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ በተቃራኒው ካዞሯት ዘንጉ ባዶውን ይሽከረከራል። ስንት ዓመት የሰው ድሪል ስሠራ ተሳስቼ የማላውቀውን ሁለት ሽቦ፣ በቅናት ታውሬ፣ አገላብጬ በይጄዋለሁ። ጓደኛዬ ሆዱን ይዞ እስኪያጎነብስ ሳቀ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ጠላ ሳልቀምስ አወጣሁት። ሞተሪኖውን መሬት ላይ አስቀምጬ ተነሳሁና፣ «እንግዲያስ ሚዜህንም እሱን አድርገው» አልሁት።

ሳቁ ቆመ። «ምን አልህ?»

«ሰምተኸኛል። ሞተሪኖውን ሰጥተኸዋል፤ ምን ቀረ? አንደኛ ሚዜም እሱ ይሁንልህ።»

ጓደኛዬ ሬዲዮውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አየኝ። የማያውቀውን ሰው የሚያይ ነበር የሚመስለው። «አንተ ሰውዬ ምን ነካህ?» አለ። «እንፍራንዝ ስንደርስ ልጃገረዶቹ በሩን ይዘው አናስገባም ሲሉን ከፊት ቆሞ የሚገፋው ማነው? አንደኛ ሚዜ አይደል? እኔ መኪናዋን በእግራቸው ሥር ልለቃት አስቤአለሁ። አንተ ሱፍ ለብሰህ ከጎኔ ስትቆም፣ ከኋላ አቧራ ላይ ማን ይንበርከክልኝ? ለዚህ እኮ ነው ያስተማርሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ምኑን?»

«ሚዜ መሆኔን።»

«ይኸም ይነገራል እንዴ?» አለ፤ እውነት ተናዶ ነበር። «የጠየቅሁት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው። አንተን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?»

ቀያሹ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ሦስተኛው እኔ ነኝ አያ» አለ። «ለሞተሪኖው ነው የተፈለግሁ።»

አፈርሁ፤ ግን ከእፍረቱ በላይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን ወደ ሱቅ ስመለስ መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ሆነልኝ። ሽቦውን አስተካከልሁ። በሚቀጥሉት ቀናትም ቀያሹን ራሴ ጠርቼ፣ ድምፅ ሲከብድ እንዴት እንደሚታወቅና የታፈነች ሞተር እንዴት እንደምትገለበጥ አሳየሁት። ቶሎ ተማረ። እኔ ከተማርሁት ቶሎ ተማረ፤ ይኸን ልብ አላልሁም ብል ውሸት ነው። እጀታዬም በእጁ ልክ ሆኖ ቁጭ አለ።

የሰርጉ ቀን እንፍራንዝ ስንደርስ ልጃገረዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሩን ሞልተውታል። ይዘፍናሉ፣ ይሰድቡናል፣ ንቅንቅ የለም። እኔ በጥቁር ሱፍ፣ በነጭ ሸሚዝ፣ ከሙሽራው ቀኝ ቆሜ በትከሻዬ እገፋለሁ። ሙሽራው በካባው ውስጥ ሬዲዮውን ደብቋል፤ አንቴናው ብቻ ከአንገቱ ሥር ብቅ ይላል። ሁለተኛው ሚዜ ልጃገረዶቹን ሽቶ እየረጨ ይለምናል። ሦስተኛው ከኋላ፣ ከመኪኖቹ መሐል ተሰውሯል።

በዘፈኑ መሐል ከኋላዬ የሞተሪኖው ድምፅ ተሰማኝ። ከሺህ ድምፅ ውስጥ የማውቀው፣ እኔ ከሙት ድሪል አውጥቼ ያስገባሁት ሞተር ነው። ጣቴ በኪሴ ውስጥ ሳላዝዘው ተጫነ። አልከበደም፣ አልተንጋደደም። በአንድ ጊዜ ሞተሯ ተነሳች፤ በጫማዬ አጠገብ ሽው ብላ አልፋ ጭሷን እየተፋች በልጃገረዶቹ እግር መሐል ገባች። ጩኸት ሆነ፣ ቀሚስ ተሰበሰበ፣ በሩ ባዶ ቀረ። የሙሽሪት አጎት በሳቅ እያነባ፣ «ሸጋ ሙሽራ! በዝናር የማይገባውን በር በመጫወቻ ከፈተው!» አለ።

በደስታ ወደ ጓደኛዬ ዞርሁ። እሱም ዞሮ ነበር። ትከሻው ከትከሻዬ ተነካክቷል፣ ፊቱ ለፊቴ ቀርቧል፤ ዓይኑ ግን በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ወደ ኋላ፣ ወደ መኪኖቹ መሐል ሄደ። አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ ግቢው አስገባኝ።

ፎቶው አሁን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሙሽሮቹ መሐል ናቸው፤ እኔ በሙሽራው ቀኝ፣ ሁለቱ ሚዜዎች ቀጥሎ። ከእኔ በቀር ሁሉም ወደ ካሜራው ያያል። ሚስቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «እኒህ አንደኛው ሚዜ ምን እያዩ እንደሆነ ይኸው እስከ ዛሬ አልነገሩንም» እያለች ትስቃለች። ጓደኛዬም ይስቃል። እኔም ሻዬን እጠጣለሁ። አንገቴን አዙሬ የማየው የሦስተኛውን ሚዜ ሱሪ ነው፤ ሁለቱም ጉልበቱ ላይ አቧራ አለ።