አትንኩ እና የዳይሬክተሩ እርጥብ እጅ

የትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ጠባቂ ስም በመዝገብ ላይ አለ፤ የሚያስታውሰው ግን የለም። ተማሪው ሁሉ «አትንኩ» ነው የሚላት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአፏ የማይጠፋው ይሄው ቃል ነዋ! በጽዳት ሠራተኝነት ገብታ ጠርሙስ ስትወለውል፣ መምህራን ሲያቃጥሉና ሲቃጠሉ ስታይ፣ ኬሚስትሪን ከነአመሉ ለቀመችው። ወረቀት ግን የላትም።

አዲሱ ዳይሬክተር ታዲያ «ያለ ወረቀት የላብራቶሪ ቁልፍ አይያዝም» ብሎ ፈተና አወጀ። የወደቀ የግቢው በር ላይ ይመደባል። ተፎካካሪዋ ዲፕሎማዋ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ልጅ ናት። አትንኩ ፈራች። በር ላይ ቆሞ ቦርሳ ሲፈትሹ መዋል ለእሷ የቁም ሞት ነው።

«ሪአክቲቪቲ ምንድን ነው?» አለ ዳይሬክተሩ።

ባለ ዲፕሎማዋ ከመጽሐፉ አንዲት ነጥብ ሳታጎድል አንበለበለችው።

አትንኩ ተራዋ ሲደርስ የሶዲየሙን ጠርሙስ አውርዳ ከፈተች። «ይኸውልዎት ጌታዬ። ይሄ ላምባ ውስጥ እስከተኛ ድረስ ጨዋ ነው። ውሃ ያገኘ እንደሆነ ግን ያብዳል። ብረትም ውሃ አይስማማውም፤ እሱ ግን ቂመኛ ነው፣ ቀስ እያለ ይዝጋል። ወርቅ ደግሞ ውሃው መጣ ቀረ ጉዳዩም አይደል። እንግዲህ ከማን ጋር ሲገናኝ ምን ያህል ቶሎ ይለወጣል ነው ነገሩ፤ ሌላው ወሬ ነው።»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። «ይሄ የሳሙና ቁራጭ ነው የሚያብደው?» አለና ገና ታጥቦ ያልደረቀውን እጁን ወደ ጠርሙሱ ሰደደ።

ጧ! አትንኩ እጁን አጮለችው። «እርጥብ ነው እኮ!»

በዚያ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የመታ ሰው የለም፤ የተመኘ ግን ሞልቷል።

አትንኩ ከሶዲየሙ የግማሽ ምስር ታህል ቆርሳ በመቆንጠጫ ውሃ የሞላ ሳህን ላይ ጣለቻት። ቁራጯ እየተንጫጫች ውሃው ላይ ተሯሯጠች፣ ጨሰች፣ ዷ! ብላ ፈነዳች። ዳይሬክተሩ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ከተተ።

ውጤት ሲነገር ባለ ዲፕሎማዋ አለፈች፣ አትንኩ ወደቀች። ቁልፉን ሲዘረጉላት ግን ልጅቷ ወደ ኋላ ሸሸች። «ኧረ በእናትዎ እትዬ፣ እርስዎ ይያዙት! በሩን እኔ እጠብቃለሁ።»

አትንኩ ቁልፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ በደስታ አለቀሰች። በማግስቱ «አለቃን በመምታት» የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ከግርጌው የዳይሬክተሩ ፊርማ አለ፤ ረጅም፣ ያማረ፣ በደህና እጅ የተፈረመ።