ያልታጠበ እጅ

ካርቱም ውስጥ የሕንፃ ጣሪያ አርማታ ሲሞላ በግ ይታረዳል። ከራማ ይሉታል። ቤቱ ሰው እንዳይበላ፣ ሠራተኛው በሰላም እንዲወጣበት ተብሎ የሚበላ ምሳ ነው። እኛ ክርስቲያኖቹ እስላም ያረደውን ስለማንበላ ፉል ለብቻ ይመጣልናል፤ በዚህ ማንም ቅር አይለውም። እኔ ዘበኛ ነበርኩ። በከራማ ቀን ግን ሌላም ሥራ ነበረኝ፤ ማንቆርቆሪያ ይዤ እየዞርኩ ሰዉን አስታጥብ ነበር።

የምጠብቀው ሕንፃ ማንሺያ ሰፈር ውስጥ ነው። የሚሠራው ኩባንያ እየሞተ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ መሐንዲሱ ቀረ። ቀጥሎ ሲሚንቶ የሚያመጣው ሾፌር በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጨቃጨቅ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ፣ ሙዲሩ እንለው ነበር፣ ለሁሉም አንድ መልስ ነበረው፤ «ቡክራ፣ ኢንሻላህ።» ነገ፣ አላህ ካለ። ተቆጥቶ አያውቅም። እኔንም ትከሻዬን አቅፎ ነበር የሚዋሸኝ። ክርስቲያን መሆኔን እያወቀ «ያ ሐጅ» ይለኛል፤ «መካ ሳልወስድህ አልሞትም» እያለ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ላሳድስ ብሎ የወሰደው ፓስፖርታችን ግን እሱ ዘንድ ከርሟል።

ደህና ደህናውን የመረማመጃ ሳንቃ አስጭኖ ሳሃፋ ሰፈር ወዳለው ሌላ ሥራው ወሰደው። ለእኛ የተሰነጣጠቀው ቀረን። አናጢያችን የጎንደር ሰው ነው፣ ካላክላ ሰፈር ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ቀርቦ ለመነው።

«ሙዲር፣ ይሄ ሳንቃ ሰው አይችልም።»

«ቡክራ ሌላ ይመጣል። አንተም ፉል ቀንስ፣ ከብደሃል።»

ሰው ሳቀ። አናጢውም አብሮ ሳቀ።

የመጨረሻው ጣሪያ በተሞላ ማግስት ከራማው ሆነ። የሕንፃው ባለቤት ሊመጣ ነው፤ ሳውዲ ሠርቶ የተመለሰ ዝምተኛ ሰው ነው። ከተደሰተ ሌላ ሕንፃ ሊሰጥ ቃል ገብቷል፣ የሙዲሩ ተስፋም ያ ብቻ ነበር። ጠዋት ሌሎቹ ሳይደርሱ አናጢው የጣሪያውን ጠርዝ ሊያይ ወጣ። እኔ በጉን ውሃ ሳጠጣ ሳንቃው ሲሰበር ሰማሁ።

የወደቀው የአሸዋ ክምር ላይ ነው፤ ነፍሱን ያተረፈው እሱ ነው። እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ ልጠራ ወደ በሩ ስሮጥ ማልዶ የመጣው ሙዲሩ ክንዴን ያዘኝ።

«ወዴት ነው ያ ሐጅ?»

«ሆስፒታል እንውሰደው እንጂ።»

«ሆስፒታል የፖሊስ ወረቀት ይጠይቃል። ፖሊሱ ደግሞ እዚህ ይመጣል። ዛሬ?» ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው። «እንግዶቹ በልተው ይሂዱ፣ እኔው በመኪናዬ አደርሰዋለሁ።»

«ደሙ እኮ አይጠብቅም።»

«አንተም ወረቀት የለህም፣ እሱም የለውም። ፖሊስ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጫነው ማን ነው? ለእናንተው ብዬ ነው።»

እግሩን በነጠላዬ ጠፍሬ አሰርኩለት። ከሙዲሩ ጋር ተሸክመን የሲሚንቶ መጋዘን አስገባነው። መጋዘኑ ቆርቆሮ ነው፣ ፀሐይ ሲወጣበት ምድጃ ማለት ነው። ሙዲሩ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው። «የጠየቀህ ካለ ገበያ ሄዷል በል» አለኝ።

ሠራተኛው መጣ፣ በጉ ታረደ። ግቢው ውስጥ የበግ ደም ስለነበር የሰው ደም ያስተዋለ አልነበረም። ሙዲሩ ከአጠገቤ አይርቅም። እንጨት አምጣ፣ ምንጣፍ ዘርጋ ይለኛል። አንድ ጊዜ አመለጥኩትና አፌን ከቆርቆሮው ላይ አደረግሁ።

«ልጄ፣ ትሰማኛለህ?»

«አባባ፣ የእግሬ ጣቶች ጠፉብኝ።»

«አሉ፣ አይቻቸው ነው የወጣሁት።»

«እንግዲያው ይጠብቁልኝ፤ ዘበኛ አይደሉ?»

ድምፁ ከበፊቱ ቀጥኗል። ለምሳ እስኪቀመጡ፣ በልተው ሻይ ጠጥተው እስኪነሱ ይህ ሰው ይቆያል ወይ? ብናገርስ? እኔን ወዴት ይወስዱኛል?

ባለቤቱ መጣ፣ ሰዉ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ተነሣሁ። ከእያንዳንዱ ሰው ጆሮ አጠገብ ዝቅ ብዬ የምቆመው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ባለቤቱን አስታጠብኩ። ሙዲሩን አስታጠብኩ። ከዚያ የግንበኞቹ አለቃ ዘንድ ደረስኩ፤ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፣ ኡስታ እንለዋለን። እጁን ዘረጋ።

«አትታጠብ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«አናጢው መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል። እግሩ ተሰብሯል።»

ኡስታው ቀና ብሎ አላየኝም። እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አኖረ። አጠገቡ የተቀመጠውን በክርኑ ነካ አደረገው። ወደዚያኛው ሄድኩ፣ እጁን አልሰጠኝም። የሚቀጥለውም አልሰጠኝም። የእኛም ሰዎች ፉላቸውን ገፋ አደረጉት። ማንቆርቆሪያው እምብዛም ሳይጎድል ክቡን ዞርኩት።

«ተፈደሉ» አለ ባለቤቱ፣ እንብላ ማለቱ ነው። የተነቃነቀ የለም።

«አፍረው ነው» አለ ሙዲሩ እየሳቀ። «ያላ፣ ያላ፣ ብሉ!»

«አንድ ሰው ጎድሎናል» አለ ኡስታው። «እሱ ሳይመጣ አንበላም።»

«ገበያ ልኬዋለሁ፣ ይመጣል።»

ባለቤቱ ሁሉንም አየና ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ። «አንተ ነህ በሩን የምትጠብቀው። ወጥቷል?»

ሙዲሩ አየኝ። ያኔም ፈገግታው አልጠፋም።

«አልወጣም» አልኩ።

ሙዲሩ ቁልፉ ቤት ቀርቷል አለ። ኡስታው ቁልፍ አልጠበቀም፤ ጓጉንቸሩን በዲጂኖ ሰበረው። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊታችንን መታን። አናጢው ዓይኑን ከድኗል፣ ከንፈሩ ሲሚንቶ ነው። ባለቤቱ ራሱ እግሩን ደግፎ መኪናው ውስጥ አስገባውና ነድቶ ሄደ።

ሙዲሩ እንዳለው ፖሊስ መጣ። ወረቀት ጠየቀኝ፣ የለኝም አልኩ። ኡስታው «የእኔ እንግዳ ነው» ብሎ ተከራከረልኝ፣ ግን ጫኑኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሙዲሩ ጥግ ይዞ ስልክ ያወራ ነበር። «ቡክራ» ሲል ሰማሁት።

ጣቢያ አድሬ በማግስቱ በባለቤቱ ዋስትና ወጣሁ። ኩባንያው ብዙም አልቆየም፤ ሰሌዳው ወርዶ የቀረው ሚስማሩ ነው። ፓስፖርቴንም እንደገና ያየሁት ብዙ ተንገላትቼ ነው።

አናጢው እግሩ ተረፈለት። በምርኩዝ ሆኖ ሊጠይቀኝ የመጣ ቀን ሕንፃው ሥራ ፈትቶ ቆሟል፣ እኔ ባለቤቱ አስቀርቶኝ አሁንም በሩ ላይ ነኝ። ኡስታው ፉል ገዝቶ መጣ። ሦስታችንም አሸዋው ላይ ተቀመጥን። ማንቆርቆሪያዬን ላነሣ ስል ኡስታው ቀደመኝ።

«ዛሬ ሰው አልጎደለም» አለ። «እጅህን አምጣ።»