ሰባት ወር የያዝሁት መርዶ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም። ለእናንተ የምጽፈው ፊቴን ስለማታዩት ነው።

ባለቤቴ ደሳለኝ የአየር ኃይል አብራሪ ነበር፤ ገና ሃያ ሰባት ዓመቱ። ጦርነት በሌለበት፣ ሰማዩ በጠራበት ቀን፣ ለልምምድ የተነሳው አውሮፕላን ይዞት ወደቀ። እዚያው በሥራው አገር ቀበርነው። ቆቦ ስንመለስ ለእህቱ ሰርግ ዐሥር ቀን ቀርቶት ነበር። በእኛ ዘንድ ድግስ ከተጣደ መርዶ ይቆያል። አጎቱ አያ ሞላም ሮቢት ላሉት እናቱ ለእማማ የሺ ከሰርጉ በኋላ ይነገራቸው አለ። እስከዚህ ጥፋት አልነበረም።

ሰርጉ አለፈ። አያ ሞላ፣ «እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ» አለኝ። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። «ልባቸው ደክሟል፣ ድንገተኛ ነገር አይስሙ ብሏል ሐኪሙ» አልሁት። ያያቸው ሐኪም የለም። ዋሸሁ። እሱም አምኖኝ ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ አፍ አስያዘ።

ለምን? ለእሳቸው አዝኜ? አይደለም። ደሳለኝ ያልሞተበት ቤት በዓለም ላይ ያ ብቻ ስለነበረ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቁሬን አውልቄ፣ ባለ አበባ ቀሚስ ለብሼ፣ በሚኒባስ ሮቢት እሄዳለሁ። «ለሥልጠና ውጭ ሄዷል፤ ስልክ አይፈቀድለትም» ብያቸዋለሁ። እሳቸው «ይመጣል» እያሉ ያወሩልኛል፤ እኔ እጠግባለሁ። አርባው እንኳ ያለ እናቱ እንባ ወጣ።

አንድ ቀን ማሽላው ዳር ቆመን ሳለ አውሮፕላን አለፈ። እማማ የሺ ነጠላቸውን ገፈው አውለበለቡ።

«ዝቅ በል እንጂ፣ አንተ ኩሩ! አህያ መጫን ያቃተው ልጅ ደመና ይረግጥልኝ ጀመር!»

«እማማ፣ ይሄ እኮ የመንገደኛ ነው።»

«ይሁና! እርስ በርስ ይተዋወቁ የለ? ሰላምታዬን ያደርሱልኛል።»

ከዚያ እልል አሉ። ያ ሁሉ የራያ ሜዳ፣ ያ ሁሉ ሰማይ፣ በአንዲት አሮጊት እልልታ ሲሞላ ሰማሁ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ብርሃን ቅዳሴ ላይ እንኳ አላየሁትም። እንዲህ ያለ ፍቅር ፊት ቆሜ እንዴት ዝም አልሁ? ግን ዝም አልሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄድሁ። ሰባት ወር ሄድሁ።

በመጨረሻ አያ ሞላ እኔን ሳይጠይቅ አረዳቸው። ስደርስ ግቢው በለቅሶ ተሞልቷል። እማማ የሺ አይተውኝ ተነሱ። ምነው በረገሙኝ! ትከሻዬን ሳሙ።

«ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸከምሽው?»

«አዎ» አልሁ።

ከመጀመሪያው ውሸት ይህች አንዲት ቃል ትከፋለች። የሰው እናት ሐዘኗን ሰርቄ፣ ምስጋናዋንም ተቀበልሁ። ሕፃን አልነበርሁም፣ አእምሮዬንም አልሳትሁም፤ የማደርገውን አውቅ ነበር። ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ይመርቁኛል።