አንድ ጥቅል ብቻ

የያዙኝ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ በተከራየሁት ክፍል ቁጭ ብዬ የተማሪ ፈተና ሳርም። ሦስት ነበሩ። አንዱ ቀይ እስክሪብቶዬን ከእጄ ተቀብሎ፣ ክዳኑን በደንብ ገጥሞ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ጥፋቴ ደብዳቤ ነው። የታሰሩ ተማሪዎች ይፈቱ የሚል፣ ብዙ መምህራን የፈረሙበት ደብዳቤ። ያረቀቅነው እኔና አንድ ባልደረባዬ ብንሆንም የአርቃቂ ስም አልነበረበትም። ሲፈትሹኝ ከጃኬቴ ኪስ አንድ ጥቅል ጋንጃ ወጣ። እርስ በርስ ተያዩና ፈገግ አሉ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ ምን እንዳስደሰታቸው ያን ጊዜ አልገባኝም።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የማሽላ ፍሬ ነበር። አሥራ አራት ሰው ነበርን። ጣና አይታይም። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን የደንገልና የዓሣ ሽታ በቆርቆሮው ሥር ይገባል። ለባሕር ዳር ልጅ ከዚህ የባሰ ሹፈት የለም።

ጎኔ የሚተኙት ከደሴት ገዳማት በአንዱ ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ለምን ታሰሩ ሲባሉ፣ «ሲነግሩኝ እነግራችኋለሁ» ይላሉ።

እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳላጨስ ውዬ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ጠፋ፤ ላቡ፣ ብስጭቱ፣ እህል አልዋጥ ማለቱ ተከታተሉ። ሰው ሲያኝክ መስማት እንኳ አስጠላኝ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። አልመታኝም፤ አልሰደበኝም። ከኪሴ የወጣውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከአጠገቡ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አደረገ።

«መምህር፣ አብሮህ የጻፈውን አንድ ሰው ብቻ። ከዚያ እዚሁ አጭሰህ ወደ ክፍልህ ትመለሳለህ።»

ሌላው ሰው የተናገረው ተገርፎ ነው። እኔ አልተገረፍኩም። የባልደረባዬን ስም ከነአባቱ፣ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው አድርጌ አሳምሬ ጻፍኩ። ግማሹን ጥቅል እዚያው አጨስኩ። ግማሹን ለነገ ብዬ ካልሲዬ ውስጥ ስከተው መርማሪው አይቶ እንዳላየ ሆነ። በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰብኩ ልናገር፦ «እየቀነስኩ ነው» ብዬ አሰብኩ።

ስመለስ የኔታ አፍንጫቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ጋንጃ ነው፣ የኔታ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው ተጠጉኝ። «እኔም ልጅ ሳለሁ፣ ቅኔው እንዲገባኝ ብዬ አብሾ ጠጥቻለሁ» አሉ። አብሾ የቆሎ ተማሪ አእምሮ ይከፍታል ብሎ የሚጠጣው መድኃኒት ነው። የጠጣ ሰው ኋላ አልኮል ከቀመሰ አብሾው ይነሳበታል ይባላል።

«ከፈተልዎት?»

«ከፈተልኝ። መዝጋቱ ነው ያስቸገረኝ» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንድ የማርያም ለት ትንሽ ጠላ ቀመስሁ። የገዛ ወንድሜን በድንጋይ ፈነከትሁት። እስተ ዛሬ ምልክቱ ግንባሩ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ‹ትንሽ ቅመሱ፣ የኔታ› ይለኛል። ለሌላው ትንሽ አለው። ለእኔ ትንሽ የሚባል ጠላ የለም።»

«እኔ እየቀነስኩ ነው» አልኳቸው።

«ይችን ማን ሰጠህ?»

ካልሲዬን ወደ ላይ ሳብ አደረግኩ። የኔታም ደግመው አልጠየቁኝም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። የቀረችኝን ግማሽ በማግስቱ ከጠባቂ እሳት ለምኜ ጨረስኳት።

ከሁለት ቀን በኋላ ለፀሐይ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ባልደረባዬን አመጡት። መነጽሩ የለም። ክራቸው የወጣ ጫማዎቹን በእጁ ይዟል። ዓይኑን አጥብቦ ሲያየኝ ቆየና ለየኝ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ። «አይዞህ» አለኝ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩ። እሱ እኔን። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

በዚያው ሳምንት መርማሪው እንደገና አስጠራኝ። አዲስ ጥቅል፣ አዲስ ወረቀት። «አንድ ብቻ። ሌላ አልጠይቅህም» አለ። ሽታው ገና ከበሩ ደርሶኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር አፌ ምራቅ ሞላ። ደብዳቤውን በኮምፒውተር የጻፈችልን መምህርት ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። የሁለት ልጆች እናት ናት።

ጥቅሉን በጣቴ ጫፍ ወደ እሱ መልሼ ገፋሁት።

«ትቻለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

ሳቀ። «ሱሰኛ ሲተው አይቼ አላውቅም።»

«እኔም አላየሁም» አልኩት።

ጥቅሉን ከፊቴ ሳያነሳ እስከ ምሳ ሰዓት አስቀመጠኝ። እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ ቁጭ አልኩባቸው። ከዚህ የበለጠ ያደረግኩት ጀግንነት የለም።

መምህርቷ አልታሰረችም። እኔ በሁለት ወር ተፈታሁ፤ ባልደረባዬ ዓመት ከመንፈቅ ቆየ። የኔታ የት እንደደረሱ አላውቅም።

አሁን እዚያው ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ነው የምኖረው። ከዚያን ቀን ወዲህ አላጨስኩም፤ ይህን እንደ ድል የምቆጥርበት ፊት ግን የለኝም። ባልደረባዬ ከተፈታ በኋላ ያለ ጋንጃ እንቅልፍ አይወስደውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አብረን እንቀመጣለን፤ ማን እንዳስያዘው አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ጥቅሉን በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ፣ «እስቲ ንገረኝ፤ አንተ እንዴት ተውኸው? እኔ መቀነሱ እንኳ አቃተኝ። ልተወው ወይስ እንደምንም ልቀንሰው?» አለኝ።

የምነግረው አንድ ነገር ነበረኝ፤ ለእኔ ትንሽ የሚባል እንደሌለ፣ ያንንም ያወቅኩት በእሱ ስም እንደሆነ። ሌላ የማውቀው የለኝም።

«ሐኪም ከለከለኝ» አልኩት።

«ደግ ሐኪም ገጥሞሃል» አለኝ።

እዚህ ጽሑፍ ላይ የባልደረባዬን ስም አልጻፍኩም። አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ።