ግሪን ካርዱ እስኪወጣ

ሆሳዕና ውስጥ የአሜሪካን የቪዛ ሕግ እንደ እኔ ያነበበ ሰው አልነበረም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ሥራዬ ራዲዮ ጥገና ነበር። እንግሊዝኛን ከራዲዮ መመሪያዎችና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ለቃቀምኩት። ኢንተርኔት ቤት ሲከፈት ከተማሪዎች መሀል ተቀምጬ ሕጉን አነብ ነበር። ዲቪ ለማስሞላት ከጃጁራና ከሀቢቾ ድረስ ወደ እኔ ይመጡ ነበር።

ስለዚህ ነርስ የሆነችው ትልቋ ልጄ የምትሠራበት የአሜሪካ ሆስፒታል ግሪን ካርድ ላስወጣልሽ ሲላት፣ ከጠበቃው ቀጥላ የደወለችው ለእኔ ነው። የያዘችው ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ነበር።

«አባዬ፣ ጠበቃው ማመልከቻውን አሁን ማስገባት ይቻላል ይላል። ግን ለመስቀል መጥቼ እማዬን ልይና ስመለስ ባስገባስ?»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ፓስፖርቷ ላይ የተመታው ቪዛ ቀኑ አልፏል። ከመጣች ለመመለስ አዲስ አበባ ኤምባሲ እንደገና መሰለፍ አለባት፤ ቢከለክሏት ሥራውም ካርዱም ቀረ። ካስገባች በኋላ ደግሞ ያለ መውጫ ፈቃድ ከአገር ከወጣች ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል፤ ፈቃዱም ቶሎ አይገኝም። አንዴ ካስገባች እንግዲህ ተቀምጣ መጠበቅ ነው።

ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ሆዷ ማበጥ ጀምሯል። ሐኪሙ እኔንና ወንድሟን ወደ ግቢው አውጥቶ፣ ጉበቷ ነው፣ ብዙ አትቆይም ብሎናል። ለእሷ የነገርናት ጉበትሽ ትንሽ ተቆጥቷል ብለን ነው። ይሁን እንጂ ሞኝ አልነበረችም። የስልኩን ወሬ ሰምታ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈችና ቀስ ብላ፣ «መታመሜን እንዳትነግራት። ጉዳይዋን ትጨርስ» አለችኝ።

«አስገቢ» አልኳት ልጄን። «መስቀል በየዓመቱ ይመጣል።»

አስገባች። ብዙም ሳይቆይ የዓመቱ ኮታ ሞልቶ የወረፋው በር ተዘጋና ያላስገቡት ሁሉ ውጭ ቀሩ። ከእሷ ጋር የሚሠሩ ሁለት ነርሶች አገሬ ልሂድ፣ ልሰርግ ሲሉ አመለጣቸው። ጠበቃው ራሱ አባትሽ ምን ተምሯል ብሎ ጠየቃት።

ባለቤቴ በነሐሴ አረፈች። ዝናቡ ድንኳኑን ጥሶ እየገባ፣ ቀባሪው በጭቃ ውስጥ ቆሞ ነበር። ከቀብር መልስ ከከምባታ፣ ከአዲሎ የመጣው ወንድሟ፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምር ሰው ነው፣ ወደ ድንኳኑ ጥግ ጠራኝ። ታናሿ ልጄም ተከተለችን።

«እህቴ ናት፣ ዛሬውኑ ልደውልላት» አለች።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አላት አጎቷ። «ስትወድቅ ማን ይይዛታል? ግድግዳው?»

«ጓደኞች አሏት።»

«ጓደኛ ዘመድ ነው እንዴ? እናንተ ልጆች ሰውን በሽቦ ልትቀብሩ ነው።»

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሕጉን የማውቀው እኔ ነኛ። «ከሰማች ትመጣለች፤ ከመጣች ያስገባችው ሁሉ ከንቱ ነው» አልኩ። «ካርዱ እስኪወጣ አትሰማም።»

ታናሿ ልጄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሥራ ሌላ ሰው አይሠራውም። በእድሩ ስብሰባ ቆሜ ማንም ፎቶ ወደ ውጭ እንዳይልክ አስነገርኩ። ደቡብ አፍሪካ ያሉትን የሰፈራችንን ልጆች አንድ በአንድ ደውዬ አስጠነቀቅኩ። አንደኛው፣ «ጋሼ፣ እኔንም እንዲህ ደብቃችሁኝ ይሆን?» ብሎኝ ሳቀ፤ ሳቁን ግን አልጨረሰውም። ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር፤ አንድም ሰው አፉን አላዳለጠውም።

እማዬን ስጠኝ ስትለኝ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ አዲሎ ወንድሟ ጋ ሄዳለች እላለሁ። ይህ ሲያልቅብኝ ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አይሰማትም አልኳት። ጥሩ ዘዴ መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝላት፣ እጮሃለሁ» አለች።

ባለቤቴ የተኛችበት አልጋ ፍራሹ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ስልኩን ወደዚያ ዘረጋሁት። ልጄ በእናቷ ቋንቋ፣ በከምባትኛ፣ ጮኻ ስለ በረዶው፣ ደህና እየበላች ስለመሆኗ፣ ካርዱ ሲወጣ ሐኪም ጋ ስለምትወስዳት ነገረቻት። እጄ እስኪዝል ያዝኩት።

«ምን አለች?»

«ሳቀች» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር እንደዚያ ሆነ። ዓመት አልፎ ሌላ መስቀልም መጣ፤ በቤታችን የመስቀሉ የቡላ ገንፎ፣ አተካናው፣ በቅቤ ተሠርቶ ማንም ሳይነካው ደረቀ።

ካርዱ ወጣ። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ተቀበልኳት። ሆሳዕና እስክንገባ ፀጉሬን እያየች አረጀህ ስትለኝ ነበር። ቡታጅራን እንዳለፍን ከቦርሳዋ ትንሽ ሣጥን አወጣች፤ ጆሮ ላይ የሚሰካ የመስሚያ መሣሪያ ነው። ለእናቷ ይሆናት እንደሆን ጠየቀችኝ። የእንደዚህ ዓይነት ዕቃ ነገር አውቃለሁና አገላብጬ አየሁት። ይሆናታል አልኳት።

እናትሽ ጠበል ሄዳ ነው እንዳንላት ካቶሊክ ነን፤ ሱባኤ ላይ ናት ብለን ታናሿ ቤት አሳደርናት። ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ዘመዶች ግቢውን ሞሉት። አጎቷ ከፊቷ ቆሞ መርዶውን አረዳት፤ ሁለት ሴቶች ሊይዟት ከግራና ከቀኝ ተጠግተው ነበር። አልወደቀችም። የያዟትን እጆች አስለቅቃ ወደ እኔ መጣች።

«መቼ ነው?»

ነገርኳት።

«ታዲያ ስልኩን ለማን ነበር የምትይዘው?»

ካርዱን፣ ወረፋውን፣ ሁለቱን ነርሶች እየጠቀስኩ ማስረዳት ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው አልሰማችኝም፤ ወደ መቃብሩ ውሰዱኝ አለች።

ጊዜውን አልተሳሳትኩም፤ ዛሬም ያንኑ እላታለሁ። አሁን የአሜሪካ ዜጋ ሆናለች። እህቷን ለመውሰድ ያመለከተች ጊዜ ቅጹን ከዚህ ሆኜ ያረምኩት እኔ ነኝ፤ የወንድምና የእህት ወረፋ ረጅም ነው፣ ገና ይጠብቃሉ። ዜጋ ለሆነ ልጅ አባትን ማስመጣት ወረፋ የለውም። ይህን እሷም ታውቃለች። አላነሳችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።